ኮሌጅን በስሙ ሳይሆን በሥራው ስለ መምረጥ

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር፤ ላልሰሙት አንባብያን እንዲደርስ እንዳለ ታትሟል)



የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት በሚነገርበት ሰሞን በየመሥሪያ ቤታችን የሚሰማውን ጭውውት እርስዎም ያውቁታል። ጧት ፊርማ ተፈርሞ፣ ሻይ ቀርቦ፣ ፋይሉ ገና ከመዝገብ ቤት ሳይወጣ፣ አንዱ ባልደረባ ሌላውን «ልጅህ ስንት አመጣ?» ይለዋል። ቀጥሎም «የት ደረሰው?» ይባላል። ስሙ የታወቀ ዩኒቨርሲቲ እንደሆነ «እንኳን ደስ ያለህ» ይባላል፤ ስሙ ያልተለመደ እንደሆነ ግን አባት እንደ ኀዘንተኛ «አይዞህ» እየተባለ ይጽናናል። በዚህ ሁሉ ጭውውት መካከል «ልጁ በዚያ ኮሌጅ ከጧት እስከ ማታ ምን ሲሠራ ይውላል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። እኔም ራሴ ጠይቄ አላውቅም ነበር። የዛሬው ንግግሬ ይህንኑ ጥያቄ ይዤ በከተማችን ኮሌጆች ስዞር ያየሁትንና ዙረቴን በጉለሌ የእጽዋት ማዕከል የጨረስሁበትን ምክንያት የሚገልጽ ነው።

አስቀድሜ የራሴን ጥፋት ልናገር፤ መካሪ ሆኖ የቀረበ ሰው ምክሩን ከየት እንዳገኘው ቢጠየቅ ተገቢ ነውና። እኔ ትምህርቴን ያቆምሁት ሁለተኛ ደረጃን ጨርሼ ነው። ውጤቴ ለኮሌጅ የሚያበቃ ነበር። ዳሩ ግን የምርጫውን ቅጽ የሞላሁት በአንድ ሌሊት፣ የጎረቤታችን ልጅ የጻፈውን በመገልበጥ ነው። እርሱ አንደኛ ያለውን እኔም አንደኛ አልሁ፤ እርሱ አምስተኛ ያለውን እኔም አምስተኛ አልሁ። የደረሰኝም አይቼው የማላውቅ፣ የሚሰጠውም ትምህርት ከፍላጎቴ የራቀ ኮሌጅ ሆነ። ስሙን መጥራት አያስፈልገኝም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የኮሌጁ አይደለምና። የመጀመሪያው መንፈቅ ሳያልቅ ትምህርቱን ጥዬ ተመለስሁ። አባቴ ለመንገድና ለደብተር ከሰጡኝ ገንዘብ የተረፈውን በእጃቸው ሳስቀምጥ፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ ቆጥረው ወደ ኪሳቸው ከተቱት። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ድረስ ከጆሮዬ አልጠፋም።

ዘንድሮ የታላቅ እኅቴ ልጅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። አባቷ በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ሲሆኑ፣ ሐኪም እንድትሆን ከቆረጡ ቆይተዋል። ልጅቷ ግን ከትንሽነቷ ጀምሮ የየአጥሩን ቅጠል እየቀጠፈች በደብተሯ መካከል የምታደርቅ፣ ስሙን ከአሮጊቶች ጠይቃ ከግርጌው የምትጽፍ ናት። አንድ ማታ ሁላችን ተቀምጠን ስለ ምርጫ ሲነሣ፣ እኔም እንደ አጎትነቴ ልመክር ስጀምር፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ኮሌጁን ሳያዩት ነበር የመረጡት፤ እኔስ አይቼ ብመርጥ ምን አለበት?» አለችኝ። የምመልሰው ቃል አልነበረኝም። ስለዚህ ከዓመት ፈቃዴ አንድ ሳምንት ወስጄ፣ ልጅቷን አስከትዬ ለመዞር ወሰንሁ።

ከመነሣታችን በፊት አምስት ጥያቄዎች በአንድ ወረቀት ላይ ጻፍን። አንደኛ፣ ተማሪው በእጁ የሚሠራው ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ ግራ ሲገባው መምህሩን የት ያገኘዋል? ሦስተኛ፣ ቤተ መጻሕፍቱ እስከ ስንት ሰዓት ክፍት ነው? አራተኛ፣ አምና የተመረቁት ዛሬ የት ናቸው? አምስተኛ፣ ትምህርቱ ስንት ዓመት ይፈጃል፤ ወጪውስ እንዴት ይከፈላል? እነዚህኑ ጥያቄዎች በየደረስንበት ሁሉ ሳንጨምርና ሳንቀንስ ለማቅረብ ተስማማን። ሁለት ዕቃ የሚነጻጸረው በአንድ ሚዛን ሲመዘን ነውና።

በቀድሞው ዘመን እንዲህ ያለው ዙረት አያስፈልግም ነበር ቢባል ስሕተት አይሆንም። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በአራት ኪሎ ሲከፈት፣ በአገሩ ውስጥ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ መማር የፈለገ ወጣት የሚያማርጠው ብዙ በር አልነበረውም። በ1945 ዓ.ም. የምሕንድስና ኮሌጅ ተጨመረ። በዚያው ዘመን በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ በዓለማያም የእርሻ ኮሌጅ ተቋቋሙ። በ1954 ዓ.ም. እነዚህ የተለያዩ ኮሌጆች በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር ተሰብስበው፣ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲው ማዕከልነት ተሰጠ። ልብ ይበሉ፤ በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ ኮሌጅ የታወቀው በሚያስተምረው ሥራ ነበር። የጎንደሩ የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ አንድ ላይ እያሠለጠነ፣ ተማሪዎቹም በየጤና ጣቢያው ገብተው በኅብረት እንዲሠሩ ያደርግ ነበር። የዓለማያው አዝመራና ከብት ያስተምር ነበር። «ጎንደር ገባ» ሲባል ሥራው አብሮ ይታወቅ ነበር።

ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከአርባ በላይ ናቸው። የግል ኮሌጆችና የቴክኒክ ማሠልጠኛዎች ሲጨመሩ ቁጥሩ እጅግ ይበዛል። በሩ ሲበዛ ግን ሥራው ተረስቶ ስም ብቻ ቀረ። በሌላ በኩል ደግሞ የሚያልፈው ተማሪ ቁጥር አነስተኛ ነው፤ በ2014፣ በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በቅደም ተከተል 3.3፣ 3.2 እና 5.4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ሲታሰብ፣ ያለፈው ልጅ ዕድሉን በጭፍን ምርጫ እንዳያባክነው፣ ያላለፈውም ሌላው በር ሁሉ የተዘጋ እንዳይመስለው መምከር የወላጅ ግዴታ ይሆናል።

ዙረታችንን የጀመርነው ከስድስት ኪሎ ነው። በዚህ ግቢ የሕግ፣ የቋንቋ፣ የታሪክና የማኅበራዊ ኑሮ ትምህርቶች ይሰጣሉ። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምና ሙዚየሙ በቀድሞው ቤተ መንግሥት ውስጥ ሲገኙ፣ በኬኔዲ ስም የተሰየመው ቤተ መጻሕፍትም በዚያው ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄያችን ያገኘነው መልስ፣ በዚህ ያለ ተማሪ የእጅ ሥራው ማንበብና መጻፍ ነው የሚል ነበር። ይህም ቀላል ሥራ አይደለም፤ ማንበብ የማይወድ ልጅ ስሙን ሰምቶ ብቻ እዚህ ቢመጣ ዘመኑን በከንቱ ይገፋል። ስለ ዓመቱ ስንጠይቅም፣ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በዩኒቨርሲቲዎቻችን የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት የሚሰጥበት መሆኑን ተረዳን። ስለዚህ አንድ ተማሪ ወደ ሙያው ጠልቆ ከመግባቱ በፊት የሚያስብበት አንድ ዓመት አለው ማለት ነው። ደግሞም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ መሠረት ራስ ገዝ ሆኖ የራሱን የመግቢያ ፈተና መስጠት ስለ ጀመረ፣ ወደዚህ ለመግባት የሚያስብ ሁሉ የአገቢውን ሥርዓት አስቀድሞ መጠየቅ ይኖርበታል።

ወጪን በሚመለከት በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የወጪ መጋራት ሥርዓት እንዳለ ብዙ ወላጅ ሰምቷል፤ ነገሩን አጥርቶ የሚያውቀው ግን ጥቂቱ ነው። ተማሪው ውል ይፈርማል፤ የድርሻውንም ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየከፈለ ይጨርሳል። እኛ የወር ደመወዝ ተቀባዮች፣ ልጃችን የሚፈርመውን ውል ሳናነብ ማስፈረም እንደማይገባን ከእርስዎ የሚሰወር አይደለም።

ከዚያ ወርደን ወደ አምስት ኪሎ ሄድን። የቀድሞው የምሕንድስና ኮሌጅ ዛሬ የቴክኖሎጂ ተቋም ተብሎ የግንባታን፣ የኤሌክትሪክን፣ የመካኒክንና የኬሚካል ምሕንድስናን ትምህርት ይሰጣል። እዚህ ያገኘነው አንድ ተማሪ፣ «ሒሳብ የሚያስመርርህ ከሆነ ሕንፃው ቢያምርህም አትምጣ» የሚል ምክር ለራሱ ታናሽ ወንድም እንደ ሰጠ አጫወተን። በአንድ ዓረፍተ ነገር የተባለው ይህ ቃል ከብዙ መግለጫ ይበልጣል።

በአራት ኪሎው የሳይንስ ግቢ ልጅቷ ከእጄ ጠፍታብኝ ነበር። ባገኛት ጊዜ በብሔራዊው የዕፀዋት ማኅደር ደጃፍ ቆማለች። በዚህ ማኅደር ከመላ ኢትዮጵያ ተለቅመው የደረቁ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የዕፀዋት ናሙናዎች፣ የተገኙበት ስፍራና ቀን ተጽፎባቸው ተቀምጠዋል። ሊቃውንቱ ይህን መሠረት አድርገው፣ ከስዊድኑ የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፀዋት የሚዘረዝር ባለ ስምንት ቅጽ መጽሐፍ አዘጋጅተዋል። ሥራው በ1972 ዓ.ም. ግድም ተጀምሮ ወደ ሠላሳ ዓመት ፈጅቷል። የእኅቴ ልጅ ይህን በሰማች ጊዜ፣ «ታዲያ በደብተሬ የማደርቀው ጨዋታ አልነበረማ!» አለች። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላት ልማዷ የሙያ ስም እንዳለው ያወቀችው በዚያች ቀን ነው። ቤት ተቀምጣ ቅጽ ብትሞላ ኖሮ ይህን ከየት ታገኘው ነበር?

በማግሥቱ ወደ ኮተቤ ሄድን። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ መምህራንን ሲያፈራ የኖረው ይህ ቤት ዛሬ ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ይባላል። ለመጀመሪያው ጥያቄያችን እዚህ የተሰጠን መልስ አጭር ነው፤ «እዚህ ተማሪው የሚለማመደው በሰው ልጅ ነው፤ ስለዚህ ትዕግሥት የሌለው አይምጣ።» በየመሥሪያ ቤታችን የመምህርነትን ነገር ስናነሣ ዝቅ አድርገን የምንናገር ብዙዎች ነን። ነገር ግን እኔንም እርስዎንም ፊደል ያስቆጠረን ማን እንደሆነ ማስታወስ ይገባናል።

የልጅቷን አባት ፈቃድ ለማክበር ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም የሕክምና ኮሌጅ ሄድን። ሆስፒታሉ አሮጌ ሲሆን የሕክምና ትምህርት የጀመረው በ2000 ዓ.ም. ነው፤ ሚሌኒየም የሚለውንም ስም ከዚሁ አገኘ። ኮሌጁ የሚታወቀው ትምህርቱን በተለያየ ርእስ ከመከፋፈል ይልቅ የሰውነትን ሥርዓት ተከትሎ አዋሕዶ በማስተማሩና ተማሪውን ቀደም ብሎ ከሕሙማን ጋር በማገናኘቱ ነው። በአገናኝ መንገዱ ለአንድ ሰዓት ያህል ተቀምጠን ተመለከትን። ወጣቶቹ ሐኪሞች እንቅልፍ ባጣ ዓይናቸው ከአልጋ ወደ አልጋ ሲመላለሱ፣ አስታማሚውም እጃቸውን ይዞ ሲለምን አየን። የእኅቴ ልጅ ስትወጣ፣ «ይህ የተቀደሰ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ሌሊቱን ሁሉ ይህን መቻሌን አላውቅም» አለች። ማወቅ ማለት «አልችልም» ማለት ብቻ እንዳልሆነ፣ «አላውቅም» ብሎ በእውነት መናገርም ከዕውቀት እንደሚቆጠር ነገርኋት።

ከዚያ ብዙም ሳይርቅ የጄኔራል ዊንጌት ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አለ። በ1930ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የዊንጌት ትምህርት ቤት በዘመኑ ከታወቁት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አንዱ እንደነበረ ሽማግሌዎች ያስታውሱታል። በስድስት ኪሎ አቅራቢያ ያለው የእንጦጦ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅም እንዲሁ የቀድሞው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ነው። በቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ደንብ መሠረት ከትምህርቱ ሰባው ከመቶ የተግባር፣ ሠላሳው ከመቶ የክፍል እንዲሆን ታስቧል፤ ሠልጣኙም ደረጃ በደረጃ እያደገ፣ ብቃቱ እየተመዘነ፣ ከፋብሪካዎችና ከጋራዦች ጋር በሚደረግ የትብብር ሥልጠና እየሠራ ይማራል። ለመጀመሪያው ጥያቄያችን በቃል መልስ አላስፈለገንም፤ የብየዳው ብልጭታና የሞተሩ ድምፅ መልሱን ሰጠን።

እዚያው ቆመን ሳለ ልጅቷ፣ «ጋሼ፣ ውጤቱ ካልመጣልኝስ?» ብላ ጠየቀችኝ። ክቡር አድማጭ ሆይ፤ ይህ ጥያቄ በዚህ ዓመት በስንት ቤት ውስጥ፣ ሌሊት፣ በልብ ብቻ እየተጠየቀ ይሆን? ከላይ የጠቀስሁትን ቁጥር ያስታውሱ። ከመቶ ልጆች ዘጠና ከሚበልጡት ፈተናው ያልቀናቸው ከሆነ፣ እነዚህ ሁሉ የቤታቸው ኀፍረት ሆነው ሊቀሩ ነውን? ማካካሻ ትምህርት ተምሮ እንደገና የሚሞክር ይሞክር። ነገር ግን በሞያ ኮሌጅ ገብቶ ውኃ የሚስብ ሞተር መጠገን የቻለ ወጣት፣ ስመ ጥር ኮሌጅ ገብቶ የማይወደውን ትምህርት ጥሎ ከተመለሰው ከእኔ ይሻላል። ይህን የምለው ለማጽናናት ሳይሆን እኔው ራሴ ምስክር ስለሆንሁ ነው።

በመጨረሻው ቀን፣ እሑድ ጧት፣ አባቷንም አስከትለን ወደ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ወጣን። አባቷ «የመናፈሻ ሽርሽር ነው» ብለናቸው ነበር የመጡት። ይህ ማዕከል በከተማችን ሰሜን ምዕራብ በኩል በእንጦጦ ተራራ ወገብ ላይ የሚገኝ፣ ስፋቱ ወደ 705 ሄክታር የሚሆን ቦታ ሲሆን፣ ያቋቋሙትም የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ናቸው። ስለዚህ ኮሌጅ ባይባልም የኮሌጅ ሥራ ይሠራበታል፤ አጥኚው ያጠናበታል፣ ተማሪው ይጎበኘዋል፣ አገር በቀል ዕፀዋትም ይጠበቁበታል።

ከዳገቱ ላይ ሆነው ቁልቁል ሲመለከቱ ያ ሳምንቱን ሙሉ የዞርንበት ከተማ ከፊታችን ተዘርግቶ ይታያል። ከበስተኋላችን ደግሞ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ቆሟል። ባሕር ዛፍ ባለውለታችን ነው፤ ከተማይቱ ማገዶና ምሰሶ ባጣች ጊዜ የደረሰላት እርሱ ነው። ነገር ግን ሁሉም ሰው «እርሱ ቶሎ ያድጋል» እያለ እርሱኑ ብቻ ስለ ተከለ፣ ጽዱም፣ ወይራውም፣ ኮሶውም ከተራራው እየተመናመኑ ሄዱ። የማዕከሉም አንዱ ተግባር ባሕር ዛፉን ቀስ በቀስ እየቀነሱ አገር በቀሉን መመለስ ነው። የእኅቴ ልጅ ለአባቷ ይህን ስታስረዳ ሰማሁና፣ እኛም ልጆቻችንን ሁሉ በአንድ ኮሌጅ ስም ስንገፋ የምንሠራው ይህንኑ አይደለምን ብዬ አሰብሁ።

አባቷ ግን ገና አልተረቱም። «ልጄ፣ ቅጠል ለቅሞ ማን ኖረ?» አሏት። በዚህ ጊዜ እኔ ስለ እንዶድ የማውቀውን ነገርኋቸው። እንዶድ በደጋው አጥር ጥግ የሚበቅል፣ እናቶቻችን ልብስ ያጥቡበት የነበረ ተክል ነው። በ1956 ዓ.ም. ግድም ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባሉ ወጣት የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በአድዋ የቢልሃርዝያን በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። የቢልሃርዝያ ተሕዋስ የሚራባው በእነዚሁ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነውና፣ በዚያ መጠነኛ ተክል በሽታውን መከላከል እንደሚቻል አጥንተው ለዓለም ገለጡ። በ1982 ዓ.ም. ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ያቋቋሙትም የምርምር ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። «እንግዲህ ሕክምና ከአልጋ ዳር ብቻ ሳይሆን ከወንዝ ዳርም ይጀምራል» አልኋቸው።

አባቷ ለብዙ ጊዜ ዝም አሉ። እኔም የአባቴን ዝምታ አስታውሼ ልቤ ፈራ። ኋላ ግን መነጽራቸውን ጠርገው፣ «ይህ የዕፀዋት ትምህርት ስንት ዓመት ይፈጃል? ወጪውስ እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁ። ይኸውም ከወረቀታችን ላይ አምስተኛው ጥያቄ ነበር። ልጅቷ ወረቀቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻቸው፤ ከድንጋይ ላይ ተቀምጠው ከመጀመሪያው ጀምረው አነበቡት።

ነገሩ ገና አልተወሰነም፤ ፈተናውም ከፊቷ ነው። ሐኪም ልትሆን ትችላለች፤ የዕፀዋት ሊቅም ልትሆን ትችላለች፤ ውጤቱ እንደ ምኞቷ ባይሆን የምትገባበትን ሌላ በር አይታለች። የትኛውም ቢሆን፣ የመረጠችው አይታ ስለሆነ በእኔ የደረሰው አይደርስባትም ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ክቡራን አድማጮች፣ ለእርስዎ የማቀርበው ምክር አጭር ነው። ቅጹ ከመሞላቱ በፊት ከዓመት ፈቃድዎ ሁለት ሦስት ቀን ለልጅዎ ይስጡ። አብረው ይሂዱ። አምስቱን ጥያቄዎች በየደረሱበት ይጠይቁ፤ ከኃላፊው ይልቅ ተማሪውን፣ ከሕንፃው ይልቅ ቤተ ሙከራውን ይመልከቱ። ኮሌጁ ሩቅ አገር የሆነ እንደሆነ፣ ከዚያ የተመረቀ ሰው በመሥሪያ ቤትዎ ውስጥ አይጠፋምና እርሱን ሻይ ጋብዘው ይጠይቁት። ከሁሉም በላይ፣ ልጅዎ ሲመልስ ያዳምጡ፤ የሚማረው እርሱ ነውና። በሚመጣውም ዓመት በሻይ ሰዓት ባልደረባዎን ሲያገኙ፣ «የት ደረሰው?» ከማለት አስቀድመው «ምን ሊሠራ ወደደ?» ብለው ይጠይቁት።